የአድማሴ በቅሎ

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከወረዳው የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጽ ወደ በድሩ አብዱልሀኪም ሱቅ መጣ። ከላይ «የድርጅቱ አጭር ታሪክ» ይላል። ከሥሩ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የተመሠረተበት ዘመን፣ የመሥራቹ ሙሉ ስም እያለ ባዶ መስመር ተሰምሮለታል። ባሕር ዳር ላይ ባዛር ሊደረግ ነው፤ ቡሬን ወክሎ የሚሄድ ሁሉ ሞልቶ ያምጣ ተብሏል። የዚያ ዘመን ነገር መቼም ይታወቃል፤ ራዕይና ተልዕኮ ግድግዳው ላይ ያልለጠፈ ጠጅ ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በድሩ የቡሬ ተወላጅ ነው፤ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ሸራ፣ ገመድ፣ ሚስማርና የጨርቅ ጣቃ ይሸጣል። ወፈር ያለ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ለጽሑፍም እጁ የማይሰንፍ ሰው ነው። ራዕዩንና ተልዕኮውን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። ዘመኑ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። «በለጠች የወላድ ማመላለሻ ወንበር አምራች የኅብረት ሽርክና ማኅበር» የሚለው የንግድ ፈቃድ የወጣው በ1999 ነው። የመጀመሪያው ወንበር ግን ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ተሠርቷል። ከወንበሩም በፊት አንድ ነገር እንዳለ በድሩ ይጠረጥራል፤ ባልንጀራው አድማሴ ግን አንድ ቀን አውጥቶ ነግሮት አያውቅም። ስለዚህ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና መንግሥት ወደ ሰጣቸው ሼድ ሄደ።

አድማሴ ዱካው ላይ ተቀምጦ ጠፍር በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። ስድሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ቃል ባወጣ ቁጥር ከዕድሜው የሚቀነስበት ይመስል ንግግር ይቆጥባል።

«አያ አድማሴ፣ መሥራቹ ማነው ይላል። ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» አለው በድሩ።

አድማሴ ጠፍሩን ከጥርሱ አወጣ። «በለጠች አስማረ ብለህ ጻፍ።»

በለጠች የአድማሴ ሟች ሚስት ናት። ማኅበሩ በስሟ የተጠራው ለመታሰቢያዋ ነው ብሎ በድሩ እስከዚያች ቀን ድረስ ያምን ነበር። የሞተ ሰው መሥራች ሆኖ አይመዘገብም ሊል አፉን ከፈተ፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። አድማሴም ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አምቆ የያዘውን ያን ቀን ነገረው።

የአድማሴ አገር ዋሻ ጊዮርጊስ ነው፤ ከመኪናው መንገድ የአራት ሰዓት ዳገት ተወጥቶ የሚደረስ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር። መንደሩ አንድ ቃሬዛ ነበረው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የታመመ ሲኖር ሕመምተኛውን ወደ መንገድ ያወርዳል፤ የሞተ ሲኖር ሬሳውን ወደ መቃብር ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ሥራው በአብዛኛው ሁለተኛው ነበር፤ ሰው ቃሬዛ የሚያስመጣው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነውና ሕያው አውርዶ ሕያው የመለሰበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1988 ነሐሴ በለጠች ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሆናት። አድማሴ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ቃሬዛውን ከደጃፏ አደረሰ። ከወር በፊት እናቷ ነፍስ እያላቸው በዚያው ቃሬዛ ወርደው፣ ሬሳቸው በዚያው ተመልሷል። በለጠች ከበሩ ላይ ሆና አየችውና አልወጣም አለች። ሽማግሌዎች ለመኗት፤ ቄሱም ለመኗት። እናቴን የወሰደ ነው፣ ከነነፍሴ አልወጣበትም ብላ በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፋ ቁልቁለቱን በእግሯ ጀመረችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ከሚታይበት ዋርካ ሥር ደረሱ። ከታች የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማ ነበር። እዚያው ዋርካ ሥር ዐረፈች፤ ልጁም ከእሷ ጋር ቀረ።

«በዚያው ቃሬዛ መለስናት» አለ አድማሴ። «ስትወጣ ግትር ብዬ ሰድቤያት ነበር። ኮርቻ ስሠራ በቅሎዋን ምኑ ይቆረቁራታል ብዬ እጠይቃለሁ፣ አፍ የሌላትን። ሚስቴን ግን ምኑ ነው የሚያስፈራሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።»

በድሩ ቅጹን አውጥቶ በመሥራቹ መስመር ላይ «በለጠች አስማረ» ብሎ ጻፈ፤ በዘመኑም መስመር ላይ 1988 ብሎ ሞላ። ጽሕፈት ቤቱም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ተቀበለው፤ ቅጽ መሞላቱን እንጂ ምን እንደተሞላበት ማን ያያል።

ወደ ሱቁ ሲመለስ በድሩ ከአድማሴ ጋር ያሳለፋቸውን ዓመታት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አዲስ አሰባቸው። ስንት ነገር ዐይኑ ሥር ሆኖ ሳለ ሳያየው ኖሯል።

አድማሴን በአካል ያወቀው በ1990 ነው፤ ዝናውን ግን ከዚያ በፊትም ሰምቷል። አድማሴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ ድረስ የእሱ ኮርቻ ያለባት በቅሎ ጀርባዋ አይላጥም ይባልለታል። ዋንዛውን ከመጥረቡ በፊት በቅሎዋን ያስመጣና ዐይኑን ጨፍኖ ጀርባዋን በሁለት እጁ ሲዳብስ ያረፍዳል። ባለቤቷ ቢቸኩልም አይሰማውም፤ ጌታዋ ስለ ራሱ መቀመጫ ይነግረኛል፣ የእሷን የሚነግረኝ ግን እጄ ብቻ ነው ይላል።

ይህ ሰው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መንደሩን ትቶ ቡሬ ገብቷል፤ አንድ የገበያ ቀን ከበድሩ ሱቅ ገብቶ ካለው ጨርቅ ሁሉ በጣም ቀዩን ጠየቀ። በድሩ የሙሽራ በቅሎ ግላስ ሊያሰፋ መስሎት ሠርጉ የማነው፣ እኛስ አንጠራም ወይ እያለ ጨዋታ ጀመረ። አድማሴ ለሠርግ ሳይሆን ለወላድ መሆኑን ነገረው። በድሩ ሐዘን ያዞረው ሰው ነው ብሎ በደኅና ቃል ሊሸኘው ነበር። ነገሩ የገባት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የሰማችው ሚስቱ ሙሚና ናት፤ እሷ ራሷ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከሞት አፍ የተረፈች ነች። ወጥታ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ ገለጠችና አንዱን መርጣ አወጣች። እንዲህ ያለ ቀይ ወደ ሠርግ እንጂ ወደ ቀብር አይሄድም አለች። የማኅበሩ የመጀመሪያ ዲዛይነር ሙሚና ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወንበሩ ሲያልቅ በድሩ ዞሮ ዞሮ አየው። መቀመጫው ከዋንዛ የተጠረበ ኮርቻ ነው፤ ግን ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው፣ በበግ ለምድ የተለበጠ። እግር ማሳረፊያው እርካብ ነው። መቀመጫው ከእንጅባራ በኩል በመጡ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች መካከል በጠፍር ተንጠልጥሏል። ቀርከሃውን አራት ሰው በትከሻው ይይዛል፤ ትከሻ የሚነካው ቦታ ሁሉ ጥጥ የተሞላ ቆዳ ለብሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ስለምትቀመጠው ብቻ ያስብ ነበር፤ ኮርቻ ሠሪ ግን የተሸካሚውን ጀርባ አይረሳም። በላዩ የሙሚና ቀይ ጨርቅ ተንዘርፍፏል። ከሩቅ ያየው ሰው የተሸለመች የሙሽራ በቅሎ ትመስለዋለች እንጂ ቃሬዛ ትዝ አይለውም።

ለሙከራ ክብደት ያለው ሰው ተፈለገ፤ በዚህ ረገድ ከበድሩ የሚቀድም በቡሬ አልነበረም። አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ከከተማው ዳር ያለውን ዳገት ሲያያዙት የገበያው ሰው ሥራውን ትቶ ሳቀበት፤ በድሩም አብሮ ሳቀ። ዳገቱ መሐል ላይ ግን ሳቁን አቆመ። ፊተኞቹ ሽቅብ ወጥተዋል፣ ኋለኞቹ ገና ከታች ናቸው፣ ቀርከሃው አዘቅዝቋል፤ እሱ ግን ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁሉ ዘንበል እንኳ አላለም። ጠፍሮቹ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ያስተካክሉታል። ዳገቱ ይለወጣል እንጂ የእሱ ወንበር አይለወጥም። ወደ ታች አይቶ ሱብሃን አላህ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አድማሴን ሲያይ የሚሰማው ወዳጅነት ብቻ አልነበረም፤ መደነቅ ነበር፣ ትንሽ ፍርሃት የተቀላቀለበት መደነቅ።

የመጀመሪያው ወንበር ለዋሻ ጊዮርጊስ ተሰጠ። በዚያው ዓመት አቻምየለሽ የምትባል የመንደሩ ሴት ምጧ ጠንቶባት በወንበሩ ወርዳ በደኅና ተገላገለች። ወሬውን የሰማው በድሩ ነበርና ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ ለአድማሴ ነገረው፤ እናትም ልጅም ደኅና መሆናቸውን ጨምሮ።

«ወጣች?» አለ አድማሴ።

በድሩ ወልዳለች እኮ ነው የምልዎ፣ ወንድ ልጅ ነው አለው። አድማሴ እሱንስ እንደሰማ፣ እሱ የሚጠይቀው ወንበሩን ስታየው ሳታመነታ ወጣች ወይ እንደሆነ አስረዳው። በድሩ የሰማውን አስታወሰ፤ ቀዩን ጨርቅ አይታ «እንደገና ልትድሩኝ ነው?» ብላ በምጧ መሐል አስቃቸው ወጥታለች። አድማሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወንበር ሥራ በጀመረ ቁጥር ጥያቄው ያችው ነበረች። ወለደች ወይ አይልም፣ ሴት ነው ወንድ አይልም፣ ወጣች ወይ ብቻ ነው የሚለው። በድሩ አንዳንዴ ይቀልድበት ነበር። ቅጹን የሞላ ቀን ያንን ቀልድ ሁሉ አስቦ አፈረ።

ሥራው በዝግታ ሰፋ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመደቡ መስከረም የምትባል ከደምበጫ የመጣች ልጅ ሥራ ቦታው ድረስ መጥታ አድማሴን ሞገተችው። ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ጋደም ብላ እግሯ ከፍ ማለት አለበት፤ ቁጭ ባለችበት ትሞትብናለች አለችው። አድማሴ ሁለት ሳምንት ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ከዚያ መደገፊያው በአንድ ዘለበት ተፈትቶ ወደ ኋላ የሚረግብ፣ እርካቡም ወደ ላይ የሚሳብ ወንበር ሠርቶ አስጠራት። መስከረም ዘለበቱን ስትፈታው፣ መደገፊያው ምንም ሳይናጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ በድሩ የልጅቱ ዐይን እንባ እንዳቀረረ አየ። ያን ዲዛይን እስከ መጨረሻው ማንም አልነካውም።

በ1999 ሰባት አባላት ሆነው ፈቃድ ሲያወጡ አንድ ባለሙያ ሥዕል ይዞ መጣ። በሥዕሉ ላይ ያለው ከብረት የተሠራ፣ ዝርግና ነጭ ነው። አድማሴ አይቶ ይኸማ ቃሬዛ ነው አለ። ባለሙያው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን በጨዋ ደንብ አስረዳው። አድማሴም በጨዋ ደንብ ሻይ ጋበዘውና በድሩ የወጣበትን ዳገት በወንበሩ አስወጣው። ሰውየው ሲመለስ ሥዕሉን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከእሱ ምክር አንድ ነገር ብቻ ወሰዱ፤ ቀርከሃው በብረት ቱቦ ተለወጠ። ቀዩ ጨርቅ ባለበት ቀጠለ። በወረቀት ላይ ያለውን ረጅም ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ የአድማሴ በቅሎ እያለ ይጠራት ነበር።

አድማሴ ወንበር ሲያስረክብ የሚናገራት አንዲት ሕግ ነበረች፤ ሙት አይጫንባትም። አንዴ ከተናገረ በቂ መስሎት ነበር። የጎጃም ሰው ለሟቹ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ግን ዘነጋ።

በ2003 ከወንዝ ማዶ ባለ አንድ ቀበሌ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከቤታቸው ርቀው ዐረፉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሕመምተኛ ሲያሸክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የቀበሌው ቃሬዛ አርጅቶ አንድ እግሩ ተሰብሯል፤ ከጎኑ ደግሞ የአድማሴ በቅሎ በቀይ ጨርቋ አጊጣ ቆማለች። እንዲህ ያለ ክብር እያለ እኒህን ሰው በተሰበረ እንጨት መውሰድ ነውር ነው ተባባሉ። በክፋት አይደለም፤ ለሟች ያላቸውን ምርጥ ነገር መስጠታቸው ነበር። ጫኗቸው።

ወሬው በሳምንቱ ገበያ ለገበያ ዞረ። የአድማሴ በቅሎ ሙት ጫነች ይባላል። የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ አርባ አንዱም ወንበሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቃሬዛ ሆኑ። አንድ ቀን መስከረም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ሼዱ ደረሰች። የሷ ቀበሌ አንዲት ነፍሰ ጡር ወንበሩን ከደጃፏ አይታ በእግሯ ሄዳለች፤ ወንዝ ዳር ወለደች። እሷ ተርፋለች፣ ልጇ አልተረፈም።

«አልወጣም አለችኝ» አለች መስከረም።

አድማሴ የያዘው መጥረቢያ ከእጁ ወደቀ። በድሩ ያን ጊዜ ድካም ነው ብሎ አለፈው።

በማግሥቱ አድማሴ ወንዙን ተሻግሮ ሄደና ያቺን ወንበር አመጣት። ሰባተኛዋ ነበረች፤ ቆዳዋን በገዛ እጁ ያለፋት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚወዳት። በድሩ ጨርቋን ለውጠን፣ ለምዷን ቀይረን ሌላ ወረዳ ብንልካት ማን ያውቃል ብሎ ለመነው።

«የምትወጣባት ሴት ንጹሕ ናት ወይ ብላ ትጠይቅሃለች» አለው አድማሴ። «ምን ልትላት ነው?»

በገበያው ቀን፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ አድማሴ ሰባተኛዋን መሐል ሜዳ ላይ አቁሞ በላምባ አርከፍክፎ አቃጠላት። ንግግር አላደረገም። ሙት የጫነችው ይቺ ናት፣ ሌላ የለም አለና ዱላውን ተደግፎ አመድ እስክትሆን ቆመ። ሙሚና ከሱቁ በር ላይ ሆና አለቀሰች። በድሩ ግን አላለቀሰም፤ ፈዞ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማኅበሩ የሚሠራው እንጨትና ቆዳ ይመስለው ነበር። አድማሴ የሚሠራው አንዲት የተጨነቀች ሴት እግሯን እንድታነሣ የሚያደርጋትን እምነት እንደሆነ፣ እሱም ከእንጨት ይልቅ ቶሎ እንደሚነድ ያን ቀን ተረዳ።

ከዚያ ወዲህ ወንበር የሚያስረክቡት በግዝት ሆነ፤ ቀድሞ የተሰጡትም ሁሉ በየመንደራቸው ተገዘተባቸው። ቄሱ በተገኙበት መንደሩ ተሰብስቦ በወንበሯ ላይ ሙት የጫነ ውጉዝ ይሁን ተብሎ ይገዘታል፤ እስላም በሚበዛበት መንደር ደግሞ ሽማግሌዎች ዱዓ አድርገው ቃል ይገባሉ። የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ማኅተም ያለበት የዋስትና ወረቀት አለው። የእነ በድሩ ዋስትና ይህ ነበር። ሴቶቹ ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ያህል አመነቱ፤ ቀስ በቀስ ግን መውጣት ጀመሩ።

በ2007 ሐምሌ አድማሴ ሆዱን ታሞ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ ሕመሙ ግን የቆየ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት በድሩ እጁን ይዞት ሳለ ዐረፈ። በቅርቡ በተጠረገው ጥርጊያ መኪና አስከሬኑን እስከ ዋርካው አደረሰው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ዋርካው ሥር የዋሻ ጊዮርጊስ ሰው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። በመሐላቸውም የመጀመሪያዋ ወንበር፣ ኋላ ዘለበት የተጨመረላት፣ ጨርቋ ታጥቦ፣ ጠፍሯ ቅባት ጠጥቶ ቆማለች።

በድሩ ገና ከመኪናው ሲወርድ ገባው። አድማሴን በሠራት በቅሎ ሊወስዱት ነው። ስለ ግዝቱ አስቀድመው ከገዘቱት ከቄስ ገብረሰንበት ጋር መክረዋል፤ ያሰረ ይፈታል፣ ለዚህ ሰው ያልተፈታ ለማን ይፈታል ብለዋቸዋል። ቄሱም እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ለአንዲት ቀን ብፈታው እግዚአብሔር አይቀየመኝም ብለዋል። በድሩ ራሱ ልቡ ፈቀደ። ከዓለም ሰው ሁሉ ለዚህ ክብር የሚገባው ይህ አንድ ሰው ነው። አራቱ ተሸካሚዎች አስከሬኑን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። በድሩም ዞር ሲል ዋርካውን አየ፤ በለጠች የቀረችበትን።

መሐላቸው ገባና እጁን በወንበሩ ላይ አደረገ።

«አባቶቼ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ነገር እኔ አፍ የለኝም። ስለዚች ወንበር ግን አለኝ» አለ። «አያ አድማሴ በኖሩበት ዘመን የሚጠይቁኝ አንዲት ነገር ነበረች። ወጣች ወይ ይሉኝ ነበር። ዛሬ እሳቸውን ጭነን ነገ አንዲት ሴት አልወጣም ብትል ምን ልመልስላቸው ነው?»

አንዳንዱ በቁጣ አየው፤ ይህ እስላም በወንድማችን ሬሳ ላይ ምን አገባው ያለም አልጠፋም። በድሩ እጁን ከወንበሩ ላይ አላነሣም። ወዳጁን የመጨረሻውን ክብር የነፈገው እሱ መሆኑን ያውቃል።

ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። «ያሰርሁትን አልፈታም» አሉ። «አሮጌውን ቃሬዛ አምጡ።»

አሮጌው ቃሬዛ መጣ፤ ያ በለጠች ያልወጣችበት፣ ኋላም የተመለሰችበት። አድማሴን በሱ አነሡት። ወንበሯስ ምን ትሁን ሲባል አቻምየለሽ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎው ተሸልማ፣ ማንም ሳይቀመጥባት፣ ከአስከሬኑ ፊት ትሳባለች፤ የአገሩ ወግ ነው። የአያ አድማሴ በቅሎ ይቺ ናት፣ እኛ እንይዛታለን አለች። ወንበሯን አንድ ቀን የወጡባት አራት ሴቶች ባዶዋን በትከሻቸው አድርገው ከፊት ቀደሙ። በድሩ ከኋላ ሆኖ ቀዩ ጨርቅ በዳገቱ ላይ ሲወዛወዝ ያይ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሰው ከጎን ካለው ጠባብ መንገድ እየሮጠ ወረደ። ካሰች የምትባል ከሸለቆው ማዶ ያለች ሴት ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ በእጁ መጥቷል አለ። ከቀብር መሐል መውጣት ነውር ነውና ሰልፉ ሁሉ ቆሞ እርስ በርሱ ተያየ። አቻምየለሽ ወደ ኋላ ዞራ የተመለከተችው ቄሱን ሳይሆን በድሩን ነበር። በድሩ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጥቶ ሂዱ አላት። ወጣቶቹ ወንበሯን ከሴቶቹ ትከሻ ተቀብለው ሮጡ፤ መስከረምም ከለቅሰኛው ወጥታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻቸው። የቀረው ሰው አድማሴን ይዞ ዳገቱን ቀጠለ።

ፍትሐቱ ሲደርስ በድሩ ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ከዚያ ላይ ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። ዐይኑን ከማዶው መንገድ ላይ አላነሣም። ግዝቱ ባይጠበቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው የዛሬውን ነገር ለካሰች ይነግራት እንደነበር ያውቃል። ወንበሯ ባዶ ከሆነች ተሸካሚዎቹ ይሮጣሉ፤ ሰው ከወጣባት እርምጃቸው ይለያል።

አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ቀዩ ጨርቅ ከማዶው ጥግ ብቅ አለ። አራቱ ሰዎች እኩል እየረገጡ፣ በዝግታ፣ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳሉ። በላዩ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ጋደም ብላለች፤ ቁልቁለቱ ወዲያና ወዲህ ቢልም እሷ አትናወጥም። ቀባሪዎቹ አፈር ሊመልሱ ዶማቸውን አነሡ። በድሩ ጠብቁኝ ብሎ በሰው መሐል አልፎ ወደ መቃብሩ አፍ ቀረበ፤ ተከልክሎ ወደማያውቅበት፣ ተጠርቶም ወደማያውቅበት ቦታ።

«አያ አድማሴ» አለ ጎንበስ ብሎ፤ «ወጣች።»